ሙሽራው በባቡር ይመጣል

ባሌን ያገኘሁት ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነው። ያውም አፉን ከፍቶ ተኝቶ!

ከዋና ከተማው ከታይፔይ ወደ ደቡብ፣ ወደ ታይናን የሚወርደው የበዓል ባቡር ሰው በሰው ሆኗል። እኔ ትኬቴን ከሃያ ቀን በፊት የቆረጥኩ ሴት ነኝ። እሱ የቁም ትኬት ይዞ ገብቶ፣ ባዶ ወንበር ሲያይ ዘፍ ብሏል። ባለወንበሩ እስኪመጣ መቀመጥ ነውር የለውም፤ ሲመጣ ግን ብድግ ነው።

«ወንድም!» ትከሻውን ነካሁት። ወይ ፍንክች!

«ሰውዬ! ወንበሬ ላይ ነህ እኮ!»

በርግጎ ሲነሳ ጭንቅላቱ ከዕቃ መደርደሪያው ጋር ተላተመ።

«ይቅርታ... ጂያዪ ላይ ነው የምወርደው፤ እግሬ ከዳኝ» አለኝ ግንባሩን እያሸ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ቆሞ፣ እኔ ተቀምጬ፣ ስናወራ ስናወራ... ታይናን ደረስን። ጂያዪን ካለፍን አንድ ሰዓት ሊሆነን ነው! መውረዱን ረስቶት!

ቦዌን ይባላል። መነጽር ቤት ነው የሚሠራው። መኪና የለውም፤ መንጃ ፈቃድም የለውም። ይህን ሲነግረኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«መኪና የለኝም ሲሏት የምትፈነድቅ ሴት ገና ዛሬ አየሁ» አለ።

ምክንያቱን ለመንገር አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አባዬና እማዬ ለዕረፍት ሊወስዱኝ ሲመጡ መኪናቸው ተገለበጠ። አባዬ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። እማዬ አልተረፈችም። ይኸው ስምንት ዓመቴ፣ የመኪና በር ገና ሲዘጋ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። አንድ ጊዜ ታክሲ ሞክሬ መንገድ መሃል ጮኬ ወርጃለሁ።

ቦዌን ሰምቶ ሲያበቃ እጄን ያዘ። «እንግዲያው ሳገባሽ በባቡር ነው የምወስድሽ» አለኝ።

እንዴት አልወደው? እናንተ ብትሆኑስ?

ግን አባዬ አለ። አባዬ የታይናን ሰው ነው፤ ወግ ከሚጎድል ጣቱ ቢጎድል ይመርጣል።

«ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በስድስት መኪና ነው!» አለኝ በስልክ። «ሙሽራ በእግሯ ስትወጣ የት አየሽ? አለዚያ ሰርግ የለም!»

«አባዬ፣ አልችልም እኮ...»

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ የለ፣ መተኛት የለ። ቤቱን ስዞረው እውላለሁ። ቦዌን ግን የዓይን መመርመሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ መንገዳችንን ይጽፋል፦ ከአባትሽ ቤት መውጫ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። እስከ ጣቢያ በእግር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ። በሙሽራ ቀሚስ፣ ሃያ። የታይፔይ ባቡር፣ ሦስት ሰዓት። «ስድስት መኪና ካሉ ስድስት ወንበር እንይዛለን» ይላል። «አክስቴ፣ ሁለቱ የአጎቴ ልጆች፣ አንቺ፣ ሚዜሽ ዋንሩ፣ እኔ። ድፍን ስድስት!»

«ቆይ፣ በሙሽራ ቀሚስ ሃያ ደቂቃ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«አንሶላ ወገቤ ላይ አስሬ ለክቼ ነዋ!»

«የት?»

ወረቀቱን አጣጥፎ ሻይ ላፍላ ብሎ ተነሳ።

ነገሩ ከነከነኝ። በማግስቱ ሸሚዙን ላጥብ ስል ከኪሱ የታይናን ትኬት ወጣ። አንድ አይደለም፣ ሦስት! ሁሉም የእሑድ። እሑድ እሑድ ደግሞ ሥራ አለኝ እያለ ነው የሚወጣው።

ሲገባ ትኬቶቹን ፊቱ በተንኳቸው። «ይህ ነው ሥራህ?»

«ፔይሊን... አባትሽ ጋ ነበርኩ።»

«ከጀርባዬ! መኪናውን ተስማማችሁ አይደል? አስገድደህ ልትጭነኝ ነው!»

«አልተስማማንም። የመጀመሪያው እሑድ በር አልከፈቱልኝም፤ ሰፈራችሁን ስለካ ዋልኩ። በሁለተኛው ሻይ ሰጡኝ፣ ግን አላናገሩኝም። በሦስተኛው...»

«በሦስተኛው ምን?»

«አለቀሱ።»

አባዬ? አባዬ እማዬን ስንቀብር እንኳ አላለቀሰም!

«‹ልጄ መኪና እምቢ ካለች ጎረቤት ሁሉ ፊት ገዳይ ነህ ማለቷ ነው› አሉኝ» አለ ቦዌን። «‹ስምንት ዓመት ሙሉ ይቅር አላለችኝም› አሉኝ። ስድስቱ መኪና ለወግ እንዳይመስልሽ። ይቅር ብለሻቸው ብትገቢላቸው ነው የፈለጉት።»

ማንም የማያውቀውን ልንገራችሁ። እኔ አባዬን ገዳይ ብዬው አላውቅም። ገዳይዋ እኔ ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። ያን ቀን እነሱ ገና መንገድ ላይ ሳሉ «ምን ታደርጋላችሁ እስካሁን? ቶሎ ኑ!» ብዬ በስልክ የጮህኩት እኔ ነኝ። ቶሎ ኑ ስላልኩ ቸኮለ፤ ስለቸኮለ ተገለበጡ።

ለቦዌን ነገርኩት። እያለቀስኩ ነገርኩት።

«ለእሳቸው ንገሪያቸው» አለኝ።

«አልችልም! ሰርጉም ይቅር! ሂድልኝ!»

«ሰርጉ ይቅር። እኔ ግን የትም አልሄድም» አለና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስመላለስ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

በመጨረሻ ስልኩን አነሳሁ። ያሰብኩትን ሁሉ አልነገርኩትም። «አባዬ... የመኪናው ነገር... ባንተ አይደለም» ብቻ አልኩ።

«በባቡር ይምጣ» አለና ዘጋው። ፈቀደ፤ ግን እንዳላመነኝ ከድምፁ ገብቶኛል። እንዲህ ሆነን ከቤቱ ልወጣ ነው? ልቤ ዕረፍት አጣ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ቀዩን ቀሚሴን ለብሼ፣ ሰዓቴን በየደቂቃው እያየሁ ሳለ ዋንሩ ጎትታ መታጠቢያ ቤት አስገባችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ፔይሊንዬ፣ አትጩሂ... አርግዣለሁ። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅኩት።»

እልል ማለት ሲገባኝ ክው አልኩ። ነፍሰ ጡርና ሙሽራ አብረው አይጓዙም፤ የአንዷ ዕድል የሌላዋን ይጋፋል ይባላል። ዋንሩ ቀረች ማለት ደግሞ አምስት ሆንን ማለት ነው!

«ጎዶሎ?» የቦዌን አክስት፣ በወጉ ሙሽራ ላይ የሚያዘውን ጥቁር ጃንጥላ እንደያዘች ጮኸች። «በጎዶሎ ሙሽራ አላጓጉዝም! ሙሽራ ትዳሯ ፈርሶ ብቻዋን ወደ አባቷ ቤት የምትመለስበት ቁጥር ነው!»

«ባቡሩ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው» አለ ቦዌን ላቡን እየጠረገ። ጎረቤት በሩ ላይ ተሰብስቦ ይንሾካሾካል።

አባዬ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ከኋላዬ የሚደፋውን አንድ ሳህን ውሃ በሁለት እጁ ይዟል። ልጅህን ስትድር ውሃውን ትደፋለህ፤ በሩን ትዘጋለህ፤ ወጉ ይኸው ነው።

ቦዌን ፊቱ ሄዶ ጎንበስ አለ። «አባባ፣ ይምጡ። ከእሷ አጠገብ ያለውን ወንበር ለእርስዎ እለቃለሁ።»

«አባት ሙሽራ ልጁን ተከትሎ አይሄድም። ሰው ይስቃል» አለ አባዬ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ይሳቅ!» አልኩ። ከየት እንደወጣ አላውቅም። «ይሳቃ! አባዬ... እባክህ። እባክህ ና።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ውሃውን እዚያው ቸለሰው፤ የቦዌን አጎት ልጅ ጫማ ውስጥ ገባ!

«ጃኬቴን አምጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። «በጎዶሎ ልጄን የሚወስድ ማን ነው!»

ሮጥን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሮጥን! አክስትየው ጃንጥላውን በላዬ ይዛ ታለከልካለች፤ ሁለቱ ልጆች ሻንጣ ተሸክመዋል፤ ቦዌን የቀሚሴን ጫፍ ሰብስቧል። በጠባቡ መንገድ አትክልት የሚሸጡት ሴቶች «በርቺ ሙሽሪት! ያመልጥሻል!» እያሉ ሳቁብን። ባቡሩ ቆሞ ደረስንበት።

ቦዌን አባዬን አጠገቤ አስቀመጠና እሱ ማዶ ሄደ።

«ጉድ ነው! ሚስቱን ለአማቱ አስረክቦ የሚቀመጥ ሙሽራ!» አለች አክስትየው።

ባቡሩ ተነቃነቀ። አባዬ ጉልበቱን ይዞ መስኮቱን ያያል። እኔ መሐረቤን እጠመዝዛለሁ። አሁን እነግረዋለሁ፣ አሁን... አንድ ጣቢያ አለፈ። ሁለት አለፈ። ቦዌንን አየሁት። ‹በይ ንገሪው› በሚል ራሱን ነቀነቀልኝ።

«አባዬ... ያን ቀን ቶሎ ኑ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። በእኔ ነው የቸኮልከው። እማዬን... እኔ ነኝ።»

አባዬ ዞረ። እንዲህ ሲያየኝ አይቼው አላውቅም።

«ስምንት ዓመት ይህን ይዘሽ ነው?»

«አዎ።»

«ልጄ... አልቸኮልኩም እኮ። እንቅልፍ ነው የጣለኝ። እናትሽ ቆም ብለህ አሸልብ ስትለኝ እምቢ ብዬ ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። ዘግታ ሳቀች። ‹ልጅቷ ጮኸችብን፤ ናፍቀናት ነው› አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር፣ ፔይሊን። ባንቺ ደስ እንዳላት ነው...»

መጨረስ አቃተው። አንገቱ ስር ገባሁ። ሁለታችንም ተንሰቅስቀን አለቀስን። ኩሌ ጃኬቱ ላይ ቀረ።

«ተዋቸው፣ ሙሽራ ስታለቅስ ደግ ነው» አለች አክስትየው የራሷን አፍንጫ እየጠረገች።

ቦዌን የሁላችንንም የምሳ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። የእኔን ሲሰጠኝ እጁን ያዝኩት፤ ሰው መኖሩ ትዝም አላለኝ። «እወድሃለሁ! ሰማህ? እወድሃለሁ!» አልኩት። ፉርጎው በሙሉ አጨበጨበ። እሱ እስከ ጆሮው ቀላ።

አባዬ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ቦዌንን ወደ ታች ጎተተው፤ የወንበሬ የክንድ መደገፊያ ላይ አስቀመጠው።

«አንተ ልጅ» አለው፣ «እንኳን መኪና አልኖረህ!»