በኮቱ ኪስ የቀረው ሳር

«አጵሎስን አዞ በልቶታል።»

ባፈና ይህን ያልነገረው ሰው አርባ ምንጭ ውስጥ የቀረ አይመስልም። ከጫሞ ዓሣ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ዓሣ ሲመዝን ያወራል፣ መልስ ሲመልስ ያወራል። ጠዋት አዞው አንድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሆኑ።

ኢንስፔክተር ልክነሽ ሐይቁ ዳር ስትደርስ ሬሳ የለም፤ ደምም የለም። ድንጋይ ላይ የአጵሎስ ጥቁር ኮት ብቻ፣ በወጉ ተጣጥፎ።

«አዞ ከመብላቱ በፊት ልብስ ያስወልቃል እንዴ?» አለችው ባፈናን።

«ሊታጠብ ገብቶ ነዋ፣ እህቴ።»

«ሱሪውን ለብሶ?»

ባፈና ወደ ዓሣው ዞረ።

አጵሎስ የወረዳው ምክር ቤት አባል ነው። ምክር ቤቱ በነጋታው ጠዋት ዋና አስተዳዳሪውን አቶ ደግፌን የመተማመኛ ድምፅ ነፍጎ ሊያወርድ ተቀጣጥሯል። ተቃዋሚ አልመጣባቸውም፤ ገዥው ፓርቲ ለሁለት ተሰንጥቆ እርስ በርሱ ነው። አስተዳዳሪውን ለማውረድ ከጠቅላላው አባል ከግማሽ በላይ እጅ መውጣት አለበት። አውራጆቹ ቢቆጥሩ ቢቆጥሩ የሚያልፉት በአንድ እጅ ነው። ያልተገኘ ሰው ደግሞ እጁን እንዳላወጣ ይቆጠራል። አጵሎስ ከጠፋ ደግፌ ተረፈ።

የአጵሎስ ሚስት ቤተል የማንም ወንበር ግድ አልሰጣትም። ጣቢያ መጥታ «ሬሳውንም ቢሆን ስጡኝ» ብላ ተቀመጠች። ቢለምኗትም አልተነሳችም።

የደግፌ መኪና ጫሞ ዳር ታይታ ነበር። ልክነሽ መጀመሪያ እሱን ጠራችው።

«ምን ሊሠሩ ሄዱ?»

«ዓሣ ልበላ።»

«ከማን ጋር?»

«ወንበሩ የሚነቃነቅበት ሰው ማን አብሮት ይበላል? ብቻዬን።»

ምግብ ቤቱ መሰከረለት። ዓሣውን ሳይነካው እንደተነሳ አስተናጋጇ ጨምራ ተናገረች።

ካሌብ የመጣው ለምስክርነት ነው። ደግፌ ይውረድ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው እሱ፣ የአጵሎስ የልብ ወዳጅም እሱ። ዓይኑን በመሃረብ ይጠርጋል። ዓይኑ ግን ደረቅ ነው።

«ደግፌ ነው ያስበላው።»

«አይተሃል?»

«ማን ይጠቀማል ብለሽ ጠይቂ፣ ኢንስፔክተር።»

ጥሩ ምክር ነው። ልክነሽ ተቀበለችው።

በነጋታው፣ ጉባኤው ሊጀመር ሲል፣ ኮቱን እንደገና ፈተሸች። ከውስጥ ኪሱ አንድ ቁንጥር የጠወለገ ሳር ወጣ። አብሯት የነበረው ፖሊስ «ቆሻሻ ነው» ብሎ ሊጥለው ሲል እጁን ያዘችው።

ልክነሽ ያደገችው ደጋው ላይ ነው። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ፊት ለፊቱ የተንበረከኩለት ሰው የጀመረውን ይተዋል፤ ጠበኛው ይበርዳል፣ መንገደኛው ይቆማል። ሳሩን ረግጦ ያለፈውን ጎሜ የሚሉት እርግማን ይይዘዋል፤ ጦሱም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አባቷ እንዲህ ተለምነው እሺ ባሉ ቁጥር ከሳሩ ቆንጠር አድርገው ኪሳቸው ይከቱ ነበር።

አጵሎስ አልተበላም። ተለምኗል።

ቤተልን ጠየቀቻት። «የአጵሎስ አባት ወገን ሽማግሌ ማን ናቸው?»

«አባባ ኤርጫፎ። ጫኖ ናቸው። ምነው?»

«ተነሺ፣ እንሂድ።»

ጫኖ፣ ከማንጎው ዛፎች ሥር፣ አንዲት ጎጆ። በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቁልፍ የለ፣ ሰንሰለት የለ። ደፉ ላይ እርጥብ ሳር ተነጥፏል፤ ከሳሩ ማዶ አባባ ኤርጫፎና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አጵሎስ ውስጥ ሆኖ ሙዝ ይልጣል። ቤተል ስታየው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ማን አሰረህ?» አለችው ልክነሽ።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን አትወጣም?»

አጵሎስ ሳሩን አየ። «በየት በኩል?»

አባባ ኤርጫፎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ካሌብ መጥቶ፣ ‹አጵሎስ ጉባኤ ከገባ ሊገድሉት ተማምለዋል፣ ሚስቱም ታውቃለች› አለን። ደም እንዳይፈስ፣ ጉባኤው እስኪበተን ለምነን ያዝነው።»

«ኮቱስ?»

«ካሌብ ወሰደው» አለ አጵሎስ። «‹ደኅና መሆንህን ቤተል አይታ ትመን› ብሎ። ስልኬም ኪሱ ውስጥ ነበር።»

ሊገድል የተማማለ ሰው እንደሌለ ልክነሽ ቃሏን ሰጠች። ሽማግሌዎቹ ሳሩን አነሱ።

ምክር ቤቱ ደጅ ሲደርሱ ጭብጨባ ሰሙ። ደግፌ በአንድ እጅ ተርፏል። የካሌብ እጅ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ እንደነበር አዳራሹ ሁሉ ምስክር ነው። ስልኩ ከካሌብ መኪና፣ ከወንበር ሥር ተገኘ።

«ሐሳቡን ያቀረብከው አንተ። ያጨናገፍከው አንተ» አለችው ጣቢያ።

«ካቀረብኩ በኋላ ደግፌ ጠራኝ። ‹ከተረፍኩ ምክትሌ ነህ› አለኝ።»

«እጅህን ሰብስበህ አትቀመጥም ነበር?»

«ከሃዲ ልባል? እጄም እንዲወጣ፣ ሐሳቡም እንዲወድቅ ነበር የፈለግኩት።»

«አጵሎስን እንደምትሰውር ደግፌ ያውቃል?»

«እንዴት እንደማደርገው አልጠየቀኝም።»

ደግፌ ወንበሩ ላይ ቀረ። ካሌብ ፍርድ ቤት ቀረበ። ባፈና አሁንም ዓሣ እየመዘነ፣ አዞው አጵሎስን ዋጥ አድርጎ መልሶ ተፋው ይላል።

አባባ ኤርጫፎ ቃላቸውን ሰጥተው፣ በትራቸውን አንስተው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«አጵሎስ እኮ ቢሄድም እጁን አያወጣም ነበር፣ ልጄ። ‹አንዱን አውርዶ መሰሉን ለመስቀል እጄን አላደክምም› ብሎ ያን ዕለት፣ ገና ሳሩን ሳናነጥፍ ነግሮናል።»

ልክነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን ለካሌብ ለምን አልነገራችሁትም፣ አባባ?»

«አልጠየቀንም» አሉ ሽማግሌው።