በአውራ ጣት የተያዘ ትርታ

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን የዘጋው ማን ነው? ራሱ ነው የተዘጋው? ይሁን፤ እንቀጥል።

ሰዓቱ ጀንበር ጠልቃ ዓይን ያዝ ያደረገበት ነው። ወሩ ነሐሴ ነው። መንገዱ ከመኪና መንገድ ተገንጥሎ፣ በመቃብሩ ጥግ ዞሮ፣ ወደ አንድ መንደር የሚወርድ ቀጭን መንገድ ነው። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ ዘመድ ያላችሁ ትኖራላችሁ።

በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄድ ነበር። ስሙ ይበይን ይባላል። ሕክምና ይማራል። ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ ለክረምት ወደ እናቱ መመለሱ ነው። መንደሩ ግን ከአሁኑ ዶክተር ይለዋል። እሱስ? አልተቃወመም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ተማረ? በሽታ? የለም፤ በሽታ ገና ነው። መጀመሪያ የሚማሩት ከሬሳ ነው። አጥንቱን በስም፣ ጅማቱን በስም ይጠራሉ። ከዚያ ጤነኛ ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ልቡ እንዴት እንደሚመታ ይማራሉ። ሕመምተኛ የሚሰጣቸው ስለሌለ፣ እርስ በርሳቸው እጅ እየተያያዙ ትርታ ያዳምጣሉ። መምህራቸው አንድ ነገር አጥብቆ ነግሯቸዋል፦ «በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ያዙ። በአውራ ጣት እንዳትይዙ። አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው፤ ሌላውን ያዳመጣችሁ መስሏችሁ ራሳችሁን ታዳምጣላችሁ።»

ይህን ያዙልኝ።

መቃብሩ ጥግ ሲደርስ መጀመሪያ ነጭ ድንጋይ አየ። ቀረብ ሲል ድንጋዩ ጋቢ ለብሷል። ይበልጥ ሲቀርብ፣ ፊት እንዳይታይ እስከ ዓይን የተከናነበው ጋቢ ተናገረ።

«እንደምን አመሸህ፣ ዶክተር?»

ዶክተር መሆኑን በምን አወቀ? ይበይንም ይህንኑ ጠረጠረ። ግን መጠሪያው ደስ አለው። ጥርጣሬና ደስታ ሲገናኙ ማን እንደሚያሸንፍ ታውቃላችሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ። በዚህ ብርድ ምን ይሠራሉ?»

«ከቤቴ አባረሩኝ። ማታ ማታ አንኳኳለሁ፤ ሚስቴ ‹ሞተሃል፣ ሂድ› ትለኛለች። ክርክር አልወድም፤ እመለሳለሁ። የተማረ ሰው ቢመሰክርልኝ ግን ትከፍትልኛለች።» እጁን ዘረጋለት።

ይበይን ነገሩ የመሬት ጠብ መሰለው። ለአንድ ጥማድ መሬት ስንቱ በቁሙ ተቀብሯል! አንጓውን ያዘው። እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ነሐሴ ነው፤ ማን የማይቀዘቅዝ አለ? በሁለት ጣቱ ፈለገ። የለም። ወደ ላይ ፈለገ። የለም። ወደ ታች ፈለገ። የለም።

«አጣኸው እንዴ?» አለ ሰውየው። «ዶክተር ነው ብለውኝ ነበር።»

ይበይን ምን አደረገ? አፈረ። አፍሮም አውራ ጣቱን ጨመረበት። ድም፣ ድም፣ ድም።

«አለ!» አለ። «ትንሽ ይፈጥናል እንጂ ጤነኛ ነዎት። የፈሩት ነገር አለ?»

«እኔ ምንም አልፈራሁም» አለ ሰውየው። ተነሥቶም ቁልቁል ወረደ። ጭቃው ላይ ዱካ አልተወም።

ይበይን ቤቱ ሲደርስ እናቱ ወይዘሮ ዘርፌ በደስታ ፈንታ በድንጋጤ ተቀበሉት። «በመቃብሩ ነው የመጣኸው? ብቻህን? ጎረቤታችን አያ ቢምረው ከሞተ አርባው እንኳ አልወጣም እኮ፣ ልጄ! ማታ ማታ የሚስቱን በር ያንኳኳል። ‹ሞተሃል› ስትለው ነው የሚመለሰው።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከጎረቤት ተሰማ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ክፈቺ፣ ጥሩዬ። ዶክተሩ ‹አለህ› ብሎኛል።»

ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ሴትዮዋ ምን ታድርግ? ዶክተር አለ ካለ፣ አለ ነዋ!

ይበይን በባዶ እግሩ ሮጠ። «እትዬ ጥሩዬ፣ አይክፈቱ! ተሳስቻለሁ! በአውራ ጣት ነው የያዝኩት! ሞቷል!»

መቀርቀሪያው ተመለሰ። ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረ። አልተቆጣም።

«ታዲያ ያ ትርታ የማን ነበር?»

«የኔ።»

«እስቲ እኔም ልሞክር» አለና አንጓውን ያዘው። በሁለት ጣት ያዘው፤ በትክክል። ረጅም ጊዜ ይዞት ቆየ። ከዚያ ለቀቀውና ወደ መቃብሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የጥሩዬን በር ያንኳኳ የለም።

ክረምቱ አለፈ፤ ይበይን ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ጓደኞቹ እንደ ልማዳቸው ለልምምድ እጁን ያዙት። በሁለት ጣት ፈለጉ። አጡ። አፈሩ። አውራ ጣታቸውን ጨመሩበት። ሁሉም አገኙት።

«ትንሽ ይፈጥናል እንጂ ጤነኛ ነህ» አሉት።

ተመርቋል ይባላል። የት እንደተመደበ ግን የሚያውቅ አላገኘሁም።

በሉ፣ መሽቷል፤ ወደየቤታችሁ። ብቻችሁን እንዳትሄዱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ሂዱ። ከመነሣታችሁ በፊት ግን የአጠገባችሁን ሰው አንጓ አንዴ ያዝ አድርጉት። በሁለት ጣት።

አንተ፣ ጥግ ያለኸው። ምነው ዝም አልክ?

አጣኸው እንዴ?