በሩን የጣለው ድምፅ

የመድረኩ ብረት በር ሲወድቅ ምድር ሰባት ጊዜ ተንቀጠቀጠች ቢባል ሲያንስ ነው። ከሥሩ ሞቶ የተገኘው «ነጎድጓድ» የሚሉት ሰው ነበር፤ ከእስር ቤት ስለሚያመልጡ ሰዎች የሚተርከው ሙዚቃዊ ቲያትር ዋና ዘፋኝ፣ ሲዘፍን ሦስት መንደር ማዶ ያለ ሙሽራ ሙሽሪትን ረስቶ የሚያዳምጠው። በሩን ከግድግዳ ጀርባ በገመድ የሚያወርደው ታናሽ ወንድሙ በካቴና ታስሯል።

«ቅናት ነው!» አለ ሰው ሁሉ። «አንዱ በጭብጨባ፣ አንዱ በገመድ!»

መርማሪዋ ዝንብ ስታዛጋ የምትሰማ ሴት ናት። ከታናሽየው አጠገብ ተቀመጠች።

«መድረኩ ሳይታይህ በሩን መቼ እንደምትለቅ በምን ታውቃለህ?»

«በጆሮዬ ነው፣ እትዬ። እስረኛ ሆነው የሚጫወቱት ሳህን ሲደበድቡ ሌላው አይሰማኝም። ወንድሜ ጋሼ ግን ከደጁ ወጥቶ ‹ይዘጋ፣ ወጥቻለሁ› ብሎ ሲዘፍን ገመዱን እለቃለሁ።»

«ዛሬስ?»

«ሰማሁት! ጉንፋን ስለያዘው ዝቅ አድርጎ እንዲዘፍነው ትናንት ልምምድ ላይ ሁላችንም ተስማምተን ነበር። ዛሬ ግን ከፍ ብሎ መጣ። ድምፁ ተመለሰለት ብዬ ደስ ብሎኝ ለቀቅሁ።» እንባው ቀደመው።

ፒያኖ ተጫዋቿ ግን ማለች፦ «እዚያ ስንኝ ላይ አልደረሰም!»

የነጎድጓድን ቦታ ሲመኝ የኖረው ተጠባባቂ ዘፋኝ ልብስ እየቀየርኩ ነበር አለ።

«ማን አየህ?»

«መስታወቱ።»

የዘፈኖቹ ደራሲ ክራቫቱን አስተካከለ። «እኔማ ትናንት በትኩሳት ተኝቼ ዋልኩ። ዛሬ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።»

መርማሪዋ ሁሉንም መድረክ ላይ ሰበሰበች። «ስንኙን ዝፈነው» አለችው ተጠባባቂውን። እንደ ትናንቱ ልምምድ ዝቅ አድርጎ ዘፈነው።

ደራሲው ደም ሥሩ ተገታተረ። «ዜማዬን እንዲህ ታዋርደዋለህ? እንዲህ ነው!» ብሎ ከፍ አድርጎ ለቀቀው፤ ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ!» ብሎ ታናሽየው ከወንበሩ ዘለለ።

«ነጎድጓድን ስንኙን ያስጠኑት እርስዎ ነዎት» አለች መርማሪዋ ወደ ደራሲው ዞራ። «ስለዚህ አስመስለው መዝፈን አያቅትዎትም። እሱ ገና ከበሩ ሥር ሳለ አንድ ሰው በግድግዳው በኩል ቀድሞ ዘፈነ። ትናንት የነበረ ሰው ቢሆን ዝቅ ያደርገው ነበር። ያልነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«የእሱ ዘፈን፣ የእሱ ዘፈን!» ጮኸ ደራሲው። «አምጬ የወለድኩትን ሁሉ በእሱ ስም ይጠሩታል! የእኔን ስም ያነሳ አንድ ሰው አለ?»

ካቴናው ወደ ደራሲው እጅ ዞረ። ታናሽየው ወደ ፒያኖ ተጫዋቿ ቀረበ።

«ጋሼ የት ደርሶ ነበር?»

«‹ቀድማችሁ ውጡ፣ እከተላለሁ› ላይ።»

ታናሽየው ካቴናው ወልቆለት እንኳ እጆቹን መለያየት አቃተው።