ሁለቴ ዘላ ቆም የምትለዋ ወፍ

«ያ ሰውዬ እኮ የገዛ እናቱንም አያምንም!»

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ይህን ሳትል የአንድ ደንበኛ ፀጉር አጥባ አታውቅም። ሰውዬው የወፍ ቆጠራው አጣሪ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች እንግዳ ወፍ አየን ሲሉ «እውነት ነው» ወይም «ይሰረዝ» የሚለው እሱ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ የእህቷ ልጅ ደግሞ በጎ ፈቃደኛ ሆና ሐይቁ ዳር ወፍ ስትቆጥር፣ በአገሩ ታይታ የማታውቅ ወፍ አየች። ፎቶ የላትም። ሰፈሩ ከወዲሁ «ባለሕልሟ» ብሏታል። ከተሰረዘባት ይህ ስም ዕድሜ ልኳን አይለቃትም።

አጣሪው ጠዋት ሐይቁ ዳር ቀጠራት። ጭቃ የነካው ቦት ጫማ፣ ማበጠሪያ የረሳው ፀጉር... ልቧ ድንግጥ አለ! «ምነው መቀሴን በያዝኩ» አለች በሆዷ፤ ድንጋጤዋን በፀጉሩ ልታመካኝ።

«ቀለሟስ?» አላት።

«ጀርባዋ ከሰል፣ ደረቷ የዛገ ብረት። ቀለም ስቀባ የምውል ሴት ነኝ፤ በቀለም አልታለልም።»

«እሱ መጽሐፍ ላይም አለ። አካሄዷስ?»

«በአፍ አይነገርም።»

«እንግዲያው ያሳዩኝ።»

ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ላይ ሁለቴ ዘለለች፤ ቆም ብላ አንገቷን እንደ ኩሩ እመቤት ሰገግ አደረገች። ደገመችው። ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቁን ለቀቀው!

«ሊስቁብኝ ነው የጠሩኝ? ወፏም ቆጠራውም ይቅርብኝ!»

ጥላው ሄደች። ስልኩንም አላነሳችም።

በሳምንቱ አጣሪው ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመ። ካስክ ውስጥ ፀጉራቸውን የሚያደርቁት ሴቶች ሁሉ ጆሯቸውን ቀሰሩ።

«ተሰረዘ ሊሉኝ ነው?» አለችው።

«ጸድቋል።»

«ያለ ፎቶ?»

«ያቺን ወፍ ሌላ አገር ሳለሁ ለብዙ ጊዜ ተከታትያታለሁ። አካሄዷ የትም አልተጻፈም፤ ያላያት ሰው እንደዚያ አይዘልም። የሳቅኩት... ደስ ብሎኝ ነው።»

«ታዲያ ያኔ አይሉም ነበር?»

«መች አስጨረሽኝ!»

ከአንቱ ወደ አንቺ መውረዱን ቤቱ በሙሉ ሰማ። አክስቷ ቧንቧውን ዘጋች። ልጅቷ ባዶውን ወንበር ወደ እሱ አዞረች።

«ቁጭ በል» አለችው። «በዚህ ፀጉር ከኔ ጋር ሐይቅ ዳር አትሄድም።»

«መች እንሂድ አልኩሽ?»

«አልሄድም በላ!»

አላለም። ቁጭ አለ።

ከዚያ ወዲያ የሐይቁ ጠዋቶች የሁለቱ ሆኑ። ወፏ ዳግም ብቅ ባትልም ማንም አላዘነባት፤ ተጋቡ፣ ወለዱ።

አንድ ከሰዓት ልጃቸውን አስተኝተው ሻይ ሲጠጡ፣ ከሐይቁ ማዶ የሚኖር ጀልባ ቀዛፊ ወዳጃቸው ከአሮጌ ስልኩ ያገኘውን ፎቶ ላከላቸው። «እነዚህ እብዶች እናንተ ናችሁ እንዴ?» ይላል።

እሷ ቀሚሷን ሰብስባ አየር ላይ ናት። እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከኋላቸው፣ እጃቸውን ቢዘረጉ በሚደርሱባት ቦታ፣ ወፏ ቆማ ታያቸዋለች።