የሃምሳ አለቃ ወንዱ የቁመት ደብተር

ግንቦት 1 ቀን 2012 ዓ.ም.፤ በወረርሽኙ ምክንያት ድንበሩ ከጭነት መኪና በቀር ለሰው በተዘጋበት ወራት፤ በኬንያዋ ሞያሌ ዳርቻ፣ ወደ ኦዳ በሚወስደው ቀይ መንገድ አጠገብ፣ አንድ የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ተንበርክኮ ሁለት መቶ ችግኝ በገመድ መስመር ይተክል ነበር። ሃምሳ አለቃ ወንዱ ይባላል፤ በቀድሞው ጦር የሕክምና ረዳት የነበረ፤ በ1983 ጦሩ ሲበተን ከሚስቱ ከወርቅአየሁ ጋር ድንበር ተሻግሮ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ የገባ፤ ካምፑ ሲዘጋም አገሩ ያልተመለሰ ሰው ነው። የሞያሌ ሰው እንደ ኬንያ ደንብ «ምዜ»፣ «አባት» ብሎ ሲያከብረው መልስ አይሰጥም፤ በማዕረጉ ካልጠሩት አይዞርም።

የሚተክለው አርቴሚሲያ ነው፤ ሽታው አሪቲን የሚያስታውስ፣ ከቅጠሉ የወባ መድኃኒት የሚወጣለት ረጅም ተክል። ወርቅአየሁ በዋልዳ ወባ ይዟት በአምስተኛው ቀን ሞታለች፤ ባሏ የሕክምና ረዳት ሆኖ ሳለ በእጁ አንዲት ፍሬ ኪኒን አልነበረችውም። ያ ቁጭት አልለቀቀውም። ስለዚህ ከናይሮቢ የመጣ አንድ የመድኃኒት ተክል ፕሮጀክት ለሙከራ መሬትና የውኃ ቧንቧ እሰጣለሁ ሲል ቀድሞ የተመዘገበው እሱ ሆነ። ውሉ አጭር ነበር፤ ተክሉ በአራት ወር አንድ ሜትር ተኩል ከደረሰ መሬቱና ቧንቧው ለአምስት ዓመት ይጸናለታል፤ ካልደረሰ ቧንቧው ተነቅሎ ቦታው የከብት ማቆያ ይሆናል። ቁመቱን በየሳምንቱ እየለካ እንዲመዘግብም ታዘዘ።

ሃምሳ አለቃ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካ፤ የመጀመሪያውን ቀን «1-9-2012፣ 15 ሴንቲሜትር» ብሎ ጻፈ።

የከባድ መኪና ማቆሚያ ግቢ ያላት ጎረቤቱ ፈቲያ በትከሻው ላይ አይታ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ በፈረንጅ ቀን ይጻፉት እንጂ። ናይሮቢ ይኼን ማን ያነበዋል?» አለችው።

«አገሬን ትቻለሁ፤ ጦሬም ፈርሷል። አሁን ደግሞ ቀኔን ልልቀቅላቸው?»

ፈቲያ ሳቀች፤ ከተከላው የተረፈችውን አንዲት ችግኝ ተቀብላም ሄደች።

ተክሉ አምስት ሳምንት ያህል በሳምንት ስድስት ሰባት ሴንቲሜትር እየጨመረ አርባ ሰባት ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ አለ። ይባስ ብሎ በሰኔ አጋማሽ ቢጫ አበባ አወጣ። ሃምሳ አለቃ ፍግ ጨመረ፤ አፈሩን ኮተኮተ፤ ማለዳና ማታ አጠጣ። ሁለት መቶውም ጉልበት ላይ ቆመው አበቡ እንጂ ንቅንቅ አላሉም።

«ገና ምን አየህና ነው የምታብበው?» ብሎ በአንዱ ላይ ጮኸበት፤ ወዲያውም በተክል ላይ በመጮኹ በራሱ ተናደደ።

ሐምሌ 21 ቀን ፈቲያ ከግቢዋ በር ላይ ጠራችው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ኑ እዩልኝ! ያ የሰጡኝ ችግኝ አሁን ደረቴ ላይ ደርሷል።»

እውነቷን ነው። በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ፣ ከመብራት ምሰሶ ሥር፣ አበባ የሚባል ያልነካው ተክል ቆሞ ነበር። ሃምሳ አለቃ ለካው፤ አንድ ሜትር ከሠላሳ አምስት ሆነ። ቢያሰላው በቀን አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ማደጉ ነው።

«ምን አብልተሽው ነው?»

«ምን አለኝና? ሹፌሮቹ እጃቸውን የታጠቡበትን ውኃ ነው የምደፋበት።»

ሃምሳ አለቃ በተክሉ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ምሰሶው ላይ ያለውን ፓውዛ አየ።

«ይኼ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል?»

«ታዲያስ! ሹፌሮቹ የምርመራ ውጤታቸው እስኪመጣ የሚያድሩት እዚሁ አይደል? ጨለማ ከሆነ ናፍጣቸው ይሰረቃል።»

ሃምሳ አለቃ በ1973 ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልኮ ነበር፤ እዚያ በበጋ ከእራት በኋላ እንኳ ፀሐይ እንደማትጠልቅ፣ ቀኑ ሲያጥር ደግሞ ተክሉ ሁሉ ለበረዶው ክረምት እንደሚሰናዳ በዓይኑ አይቷል። የዚህም ተክል ዘር የመጣው የበጋው ቀን ከሚረዝምበት አገር ነው። በሞያሌ ግን ቀንና ሌሊት እኩል ናቸው፤ ተክሉ ዓመቱ ያለቀ መስሎት ሳያድግ ለማበብ ይቸኩላል። የፈቲያው ግን ሌሊቱን ብርሃን ስለሚያገኝ አልቸኮለም። ሃምሳ አለቃ ይህን ተረዳ፤ የሚያስፈልገው ፍግም ውኃም ሳይሆን መብራት ኖሯል።

የእርሻው አንዴ ስላበበ መብራት አይመልሰውም፤ ስለዚህ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሁለቱንም ቁመት ጎን ለጎን መዘገበ። የፍተሻው ቀን ጳጉሜን 3 ነበር፤ ደብተሩ ላይ «3-13-2012» ብሎ ጻፈው። የፕሮጀክቱ ተቆጣጣሪ ዲባ የሞያሌ ተወላጅ፣ አማርኛን ከገበያ የለመደ ወጣት ነው። የእርሻውን ለክቶ አንገቱን ነቀነቀ፤ የፈቲያውን ለመለካት ግን በርጩማ ላይ መውጣት ነበረበት።

«ሁለት ሜትር ከአራት! ዋላሂ፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲህ አንድ ፓውዛና አንድ ወቅት ስጡኝ። ሌላ አልጠይቅም።»

«ውሉ የእርሻውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ግን ደብተርዎ በቂ ማስረጃ ነው፤ ገጹን ሁሉ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።»

መልሱ በመስከረም አጋማሽ መጣ። ዲባ በፈቲያ ግቢ በር ላይ ከሞተር ሳይክሉ ወርዶ የራስ መከላከያውን በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

«ምዜ... ይቅርታ፣ ሃምሳ አለቃ። መዝገቡ የ2012 ነው፤ ስምንት ዓመት ያለፈው የሌላ ሙከራ ነው ብለዋል። ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም አሉ።»

«የለም? በየዓመቱ የኖርኩበትን ወር ነው የለም የሚሉኝ? አንተስ የሞያሌ ልጅ አይደለህ? ጳጉሜን አታውቅም?»

«አውቃለሁ። እናቴ ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ካላንደር ተሰቅሏል። ዓይኔ ስለለመደው ሳላስተውል ላክሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የኔ ነው» አለ ሃምሳ አለቃ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ ፈቲያ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጦ የተጻፉትን ቀኖች ሁሉ ወደ ፈረንጅ መልሶ በአዲስ ደብተር ገለበጠው፤ ዲባም ላከው። ናይሮቢ ደግሞ አንድ ዓይነት ቁጥር በሁለት የተለያየ ቀን መቅረቡ ማጭበርበር ነው ሲል ፋይሉን ዘጋ። በጥቅምት ቧንቧው ተነቀለ፤ ሁለት መቶውን ተክል ከብት ረገጠው።

በኅዳር ሹፌሮቹ በግቢው ማደራቸው ስለቀረ ፈቲያ ፓውዛውን አጠፋች። ወር ሳይሞላ ሁለት ሜትር ከሰማንያ የደረሰው ተክል አበበ። ሃምሳ አለቃ በአስተሳሰቡ አልተሳሳተም ነበር፤ ማስረጃው ግን የመጣው ጠያቂ በሌለበት ነው። ለክቶ ቁመቱን መዘገበ፤ ቀኑን አስቀድሞ በፈረንጅ፣ ከሥሩም በራሱ ጻፈ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጋልማ የሚባል የኦዳ ከብት አርቢ፣ ሴት ልጁን ወባ ደጋግሞ ቢጥላት፣ ዘር ፍለጋ ወደዚያው ፕሮጀክት ቢሮ ሄደ። ጸሐፊዋ ሪፖርቱን ከመደርደሪያ አውጥታ አነበበችለት፤ ተክሉ በሞያሌ ተሞክሯል፤ ከአርባ ሰባት ሴንቲሜትር አያልፍም ይላል። ጋልማ አመስግኖ ወጣ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ያለፈው በሃምሳ አለቃ ወንዱ ደጃፍ ነበር፤ ሽማግሌው በሩ ላይ ተቀምጦ አየው፤ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ምን ፈልጎ እንደሄደ ግን አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀውም።