አምፖሏ

እኛ ሆንግ ኮንግ ውስጥ፣ በሁለት ፍቅረኞች መሃል ገብቶ የሚገተረውን ሰው አምፖል እንለዋለን። እነሱ ጨለማ ሲመኙ እሱ ቦግ ብሎ ይበራባቸዋላ!

ዩክ ሲም አምፖል ሆና ከርማለች። የአክስቷ ልጅ ፑይ ሻን ከትራም ነጂው ከሆይ ፋይ ጋር በእናቷ ግፊት ተዋውቃ፣ «ብቻዬን አፍራለሁ፣ ነይ» እያለች እሁድ እሁድ ሻይ ቤት ትጎትታታለች።

«ዛሬም አምፖሏን ይዛችኋት መጣችሁ?» ትላለች በየጠረጴዛው የምግብ ጋሪ የምትገፋው ሴትዮ። «አንቺ ልጅ፣ ምናለ አንዳንዴ እንኳ ብትጠፊላቸው!»

ዩክ ሲም ትስቃለች። ሆዷ ግን አይስቅም፤ ሆይ ፋይን ወዳዋለች። ፑይ ሻን ደግሞ አንድ አልጋ ላይ አብራት ተኝታ ያደገች እህቷ ናት። ከእሷ እጅ ሰው አትነጥቅም።

ያን እሁድ ቆርጣ መጣች፤ ከዛሬ ወዲያ አልመጣም ልትላቸው።

ውጭ ያካፋል። ምግቡ ከሚበስልባቸው የቀርከሃ ቅርጫቶች የሚወጣው እንፋሎት መስኮቱን ጉም አልብሶት፣ የሚያልፈው ትራም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስላል።

እኛ ዘንድ ከመብላት በፊት ሳህኑና የመብያ እንጨቱ በትኩስ ሻይ ይለቀለቃል። ሆይ ፋይ አንዱን ሳህን አንሥቶ፣ ቀስ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው አለቀለቀው። ዩክ ሲም ፊት አስቀመጠው። ከዚያ የፑይ ሻንን አነሣ።

«ሆይ ፋይ» አለች ፑይ ሻን፣ አገጯን በእጇ ደግፋ።

«አቤት።»

«ባለፈው እሁድም የእሷን ነው ያስቀደምከው።»

«እ... ቅርቤ ስለነበረች ነው።»

«እዚያ ጥግ ነበር የተቀመጠችው! እኔን ተሻግረህ ነው ያነሣኸው።»

የሆይ ፋይ ጆሮ ቀላ። ዩክ ሲም ብድግ አለች።

«እኔ ልሂድ። ከዛሬ ወዲያም አልመጣም።»

«ቁጭ በይ! አንቺም እኮ እሱ ሲያጥብ ትንፋሽሽን ነው የምትይዢው። ዕውር መሰልኳችሁ?»

«ፑይ ሻን፣ በናትሽ...»

«ምን በናትሽ ትይኛለሽ! በናቴማ ነው እዚህ የተቀመጥኩት። ይሄ ሰውዬ ስለ ትራም ፍሬን ሲያወራ እንቅልፌ ነው የሚመጣው።» ጠረጴዛው ላይ ካለው ቅርጫት አንድ የሽሪምፕ ጥቅልል አንሥታ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ጃንጥላዋን አነሣች። «ለካስ ሰው ሁሉ በአንቺ ሲስቅ፣ አምፖሏ እኔ ነበርኩ።»

ሳቀች። ሳቋ መጨረሻው ላይ ትንሽ ተሰበረ። ግን ዞር ብላ ሳታይ ካፊያው ውስጥ ገባች።

ሆይ ፋይ ለዩክ ሲም ሻይ ቀዳላት። እሷም እንደ አገራችን ወግ በሁለት ጣቶቿ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አድርጋ አመሰገነችው። ጣቶቿ እዚያው ቀሩ። እሱም ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ እጁን አጠገባቸው አኖረ፤ ከዚያ ላያቸው ላይ።

ጋሪ የምትገፋው ሴትዮ ወደ እነሱ እየመጣች ነበር። አየቻቸው። ልትናገር አፏን ከፈተች።

ከዚያ ጋሪዋን አዞረችና በሌላ በኩል ሄደች።