የዘጠኝ ቁጥር ከረጢት

ዘበኛው የትምህርት ቤቱን በር በግማሽ ከፍቶ ከፊቱ የቆመችውን ሴት ከእግር እስከ ራሷ ቃኛት። ግራጫ ኮት ለብሳለች፤ በብብቷ ማስታወሻ ደብተር ይዛለች።

«እንኳን ደህና መጡ!» አለ ጮክ ብሎ። «ሁሉም በደንቡ ነው። አዳራሹ ተጠርጓል፣ ተማሪው ሰላም፣ መምህሩ ሰላም። የሞተ ሰው የለም።»

«የሞተ ሰው አለ ተብዬ ነው የመጣሁት» አለች ሴትዮዋ።

ዘበኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ከፈተናው ድርጅት የተላኩት ተቆጣጣሪ አይደሉም እንዴ?»

«ፖሊስ ነኝ፣ አባባ። መርማሪ።»

«ኧረ ጉድ ሆንኩ! ርዕሰ መምህሩ ናቸው ተቆጣጣሪዋ ከመጣች ትንፍሽ እንዳትል ያሉኝ።» ኮፍያውን አወለቀ፤ ድምፁም ወረደ። «ሞተዋል። እትዬ ደቂቃ ሞተዋል። ጠዋት በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ደቂቃ የዲፕሎማው ፕሮግራም አስተባባሪ ናት። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው፤ በየፈተናው «አምስት ደቂቃ ቀርቷችኋል» የምትልበት ድምፅ በሕልማቸው ሳይቀር ይመጣባቸው ነበር። ፕሮግራሙ ሁለት ዓመት ይፈጃል። የፈተናው ወረቀት ታሽጎ ከውጭ ይመጣል፣ የሚታረመውም በውጭ ነው፤ ዲፕሎማውን ያገኘ ተማሪ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲ በር ይከፈትለታል። ከፈተናው ሌላ እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ መምህር አማካሪነት ዓመት ሙሉ የሚደክምበት ጥናታዊ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ ከተገኘ ዲፕሎማ የለም። የዚያን ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሃያ አራት ተማሪዎች ለመጀመሪያው ፈተና ይቀመጣሉ።

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የፈተና ወረቀት የሚቀመጥበት ክፍል ከደረጃው ሥር ነው። መስኮት የለውም። የብረት በሩ በውጭ በኩል ብቻ ይቆለፋል። አስተባባሪዋ ከበሩ ሥር በጎኗ ተኝታለች፤ የቀኝ መዳፏ ጠርዝ በልዟል። ሐኪሙ የገደላት አስም ነው ብሏል፤ የሞተችውም ትናንት ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ነው። ከክፍሉ ውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቦርሳዋ ተቀምጧል፤ ቁልፉም ውስጡ ነው።

«ቦርሳዋን ለምን ውጭ ተወችው?» ስትል መርማሪዋ ጠየቀች።

«ደንብ ነዋ» አለ ዘበኛው። «ወደዚያ ክፍል ቦርሳም ስልክም አይገባም። የሚነፉትን የአስም መድኃኒት እንኳ ውጭ ነበር የሚተዉት። ‹ኧረ እሱን ይያዙት› ስላቸው ‹ለኔ የተለየ ደንብ የለም› ይሉኛል።»

መድኃኒቱ ከቦርሳዋ ውስጥ አልነበረም።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። ክራቫቱ ተጣሟል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ገና ሳትቀመጥ። «መድኃኒቱን አግኝተነዋል። የተማሪዎቹ የጽሕፈት መሣሪያ ከረጢቶች ትናንት ከተፈተሹ በኋላ በመተላለፊያው ባለ ቁጥር መደርደሪያ ላይ አድረዋል። ዘጠኝ ቁጥር ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ነው የተገኘው።»

«ዘጠኝ ቁጥር ማን ነው?»

«የአናጢው ልጅ። በነጻ ነው የምናስተምራት። ጽሑፏ ከሌላ ተማሪ ጽሑፍ ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቶባት ነበር። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጠርታ ነበር፤ ከላይ በእትዬ ቢሮ በር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ በዓይኔ አይቻታለሁ። በጎን በር ይዘዋት ቢሄዱና ሌሎቹ ባይረበሹ...»

«መደርደሪያውን እንፈትሽ ያለው ማን ነው?»

አሰብ አደረገ። «የባዮሎጂ መምህሯ። መድኃኒቱ ከእትዬ ቦርሳ መጥፋቱን ያስተዋለችው እሷ ናት። ምስኪን፣ እትዬ እንደ እናቷ ነበሩ። እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። የዚህ ፕሮግራም የመጀመሪያዋ ተመራቂም እሷ ናት።»

«መደርደሪያው ላይ ስም አይታይም። የልጅቷ መሆኑን እንዴት አወቃችሁ?»

«ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። ዝርዝሩ ካዝና ውስጥ ነው። ካዝናውን ዘበኛው ፊት ከፍቼ አየሁት።»

ልጅቷ በርዕሰ መምህሩ ጸሐፊ ክፍል በር ተዘግቶባት ተቀምጣለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። መርማሪዋ ስትገባ ብድግ አለች።

«ቁጭ በይ፣ የኔ ልጅ። እትዬ ለምን ነበር የጠሩሽ?»

«አላውቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ነይ አሉኝ፣ መጣሁ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፤ አልመጡም። እንደ ሌባ ቆጥረውኝ ሊያናግሩኝም ጠልተው ነው ብዬ ሄድኩ።»

«ጽሑፍሽ ስለ ምንድን ነው?»

ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። «እንጨት ውሃ ስለሚመጥጥበት ፍጥነት። ጥድ፣ ባሕር ዛፍ፣ ዝግባ። ከአባቴ የእንጨት ሥራ ቦታ ቁርጥራጭ እየለቀምኩ መቶ ስምንቱን በእጄ ነው የመዘንኳቸው። ጥዱ አስቸግሮኝ ነበር፤ ሙጫ ያለበት ቁራጭ ውሃ እንቢ ይላል። አባቴ ነው የነገረኝ።»

«ከረጢትሽስ የት ነው ያለው?»

«ከታችኛው ረድፍ፣ ሃያ አንድ ላይ።»

«ቁጥርሽ ዘጠኝ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን በክራንች የሚሄደው ልጅ የታችኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ ማጎንበስ አቃተው። አሥር ሰዓት ላይ ቦታ ተለዋወጥን። እትዬ ‹ዝርዝሩን ጠዋት አስተካክለዋለሁ› ብለው ፈቀዱልን።»

መርማሪዋ እርሳሷን ለአፍታ ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

የባዮሎጂ መምህሯን ያገኘቻት ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ አንዱን ብልቃጥ ከሌላው አጠገብ ስታስተካክል ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

«የልጅቷ አማካሪ አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። አምኛት ነበር።» ራሷን ነቀነቀች። «ጽሑፏ ከእህቴ ልጅ ጽሑፍ ጋር አንድ ነው። እሱንም የማማክረው እኔ ነኝ። ከጠረጴዛዬ ላይ ወስዳ መሆን አለበት። ለእትዬ እንዲህ ብዬ ስነግራት ልቧ ተሰበረ።»

«ትናንት መቼ ወጣሽ?»

«አሥር ሰዓት ላይ።»

«ከረጢቶቹ ሲለዋወጡ አላየሽማ?»

«ምን ሲለዋወጥ?» አለች መምህሯ።

«ምንም» አለች መርማሪዋ፤ ደብተሯንም ዘጋች።

የእህቷ ልጅ አዳራሹ ደጃፍ ላይ በክራንቹ ተደግፎ ከጓደኞቹ ጋር ይጠብቅ ነበር። መርማሪዋ ለብቻው ወሰደችው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥዱ ለምን አስቸገረህ? ልጁ መሬት መሬት አየ።

«ትናንትም እትዬ ይህንኑ ጠየቁኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ጽሑፍህን በቃልህ አስረዳ የምንባልበት ቃለ መጠይቅ ላይ።»

«ምን መለስክላቸው?»

«ዝም አልኩ። ከዚያ ‹ሂድ፣ እግርህን አሳርፍ› አሉኝ።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን መርማሪዋ ሁሉንም በመምህራን ክፍል ሰበሰበች። ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ማንም ከጎኗ አልተቀመጠም። የባዮሎጂ መምህሯ የእህቷን ልጅ ከአጠገቧ አስቀምጣ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ዘበኛው ቆመ። መርማሪዋ አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መድኃኒቱ የተገኘው በዚህ ውስጥ ነው። የማን ነው?» ስትል ጠየቀች።

«አልነገርኳችሁም?» አለ ርዕሰ መምህሩ። «የእሷ...»

«እርስዎን አልጠየቅሁም።»

ልጁ አንገቱን አሰገገ። «የኔ ነው» አለ ግራ በተጋባ ድምፅ። «ካልኩሌተሩ የኔ ነው። አክስቴ ናት የገዛችልኝ።»

ትከሻው ላይ የነበረው እጅ ተነሣ።

«አዎ፣ ያንተ ነው» አለች መርማሪዋ። «ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ከዚህች ልጅ ጋር ቦታ ተለዋውጣችኋል። ይህን የምታውቁት እናንተ ሁለታችሁና እትዬ ብቻ ነበራችሁ። እንግዲህ ልጅቷ ጥፋተኛ ናት እንበል። መድኃኒቱን ልትደብቀው ከፈለገች ከራሷ ቁጥር ሥር ለምን ታስቀምጠዋለች? በዚህ ልጅ ልታላክክ ብትፈልግ ደግሞ፣ ዝርዝሩ እስካሁን ዘጠኝ የሷ ነው እንደሚል ታውቃለች። በየትኛውም መንገድ የሚያስይዘው ራሷን ነው።»

«ታዲያ ማን አስቀመጠው?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ዘጠኝ ቁጥር የልጅቷ መሆኑን የሚያውቅ፣ መለዋወጣቸውን ግን የማያውቅ ሰው። እርስዎ ቁጥሩን አያውቁም ነበር።»

«እውነት ነው» አለ ዘበኛው። «ካዝናውን ሲከፍቱ ‹ዘጠኝ ማነው?› እያሉ በጣታቸው ሲፈልጉ አይቻለሁ። መነጽራቸውንም እኔ ነኝ ያቀበልኳቸው።»

«የተማሪን ቁጥር ከእትዬ ሌላ ማን ያውቃል?»

የመለሰችው ልጅቷ ናት፤ ድምፅዋ በጭንቅ ነበር የሚሰማው። «አማካሪያችን። በጽሑፉ ሽፋን ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የምትፈርምበት እሷ ናት።»

መምህሯ ጠረጴዛውን ብቻ ታያለች።

«መቶ ስምንት ቁራጭ እንጨት የመዘነ ሰው ጥዱ ለምን እንዳስቸገረው ያውቃል» አለች መርማሪዋ። «እህትሽ ልጄን አደራ ብላሻለች፤ ልጁ ደግሞ አልሠራም። ያማከርሻት ልጅ ሥራ በእጅሽ ነበር፤ ሰጠሽው። ትናንት እትዬ ልጁን ጠይቀው እውነቱን ሲያውቁ ወደ ማን የሄዱ ይመስልሻል? ወደ ፖሊስ አይደለም፣ ወደ ርዕሰ መምህሩም አይደለም። ወደ አንቺ ነው። ይህችን ልጅ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የጠሯት ይቅርታ ሊጠይቋት ነበር። ቦርሳቸው ውስጥ ባገኘሁት ማስታወሻ ላይ ጽፈውታል።»

ልጅቷ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ለፈተናው ድርጅት ደብዳቤ እጽፋለሁ አለችኝ» አለች መምህሯ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ፈተናው እስኪያልቅ ብዬ ለመንኳት። ‹ልጄ፣ ነይ ወረቀቶቹን አብረን እንቁጠር፣ እያወራን› ብላኝ ቀድማ ገባች። ተቆጥታ እንኳ አልነበረም። ቆለፍኩባት። እስክታስብበት ብዬ ነው እንጂ...»

«መድኃኒቱንስ?»

መምህሯ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«መድኃኒቱን ለምን ወሰድሽው? በልጅቷ ላይ ልታላክኪ ነው?»

«በሩን ስትደበድብ ስሜን ትጠራ ነበር» አለች በመጨረሻ። «በሩ የተቆለፈው በኔ እጅ መሆኑ አልታያትም። ‹የሆነ ሰው ቆልፎብኛል፣ ነይ ክፈችልኝ› ነበር የምትለው። እንድደርስላት ነበር የምትጠራኝ።»

ልጁ ክራንቹን ሳይዝ ተነሣና ግድግዳውን እየተደገፈ ከአክስቱ ራቀ። «‹ትንሽ ነው ያስተካከልኩልህ› አላልሽኝም?» አላት። «የሷ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?» ከዚያም ማልቀስ ጀመረ።

መርማሪዋ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረች። «ጽሑፉ የማን እንደሆነ ለድርጅቱ ዛሬውኑ ይጻፉ። እኔም እፈርምበታለሁ።»

«ዛሬውኑ» አለ ርዕሰ መምህሩ። ልጅቷን ሊያያት ፈልጎ አልቻለም። «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ...»

«ገብቼ ልፈተን?» አለች ልጅቷ።

መምህሯን ሁለት ፖሊሶች በጎን በር ይዘዋት ወጡ። የእትዬን ቦታ ተክቶ ወረቀቱን የሚያድል ሰው ስላልነበረ ርዕሰ መምህሩ ራሱ አደለ፤ ፈተናውም በሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። የአናጢው ልጅ በቁጥሯ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንበብ ጀመረች።